የሐሙስ ዳቦ

ከየካቲት ወዲህ ቤሪል የቀራት አንድ ቃል ነበር፤ «እሺ»። ሻይ ላፍላልሽ? እሺ። የዊልፍን ካፖርት ለቤተ ክርስቲያን እንስጠው? እሺ። ወንበርሽን ከመስኮቱ ራቅ ላድርገው፣ ነፋስ ይገባል። እሺ። ባሏ ዊልፍ ከሞተ ጀምሮ ለማንም፣ ለምንም እምቢ ብላ አታውቅም።

እኔ ማቪስ እባላለሁ፤ ከእሷ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ተጣብቄ ያረጀሁ ጎረቤቷ ነኝ። ስለዚህ የድሮዋን ቤሪል አውቃታለሁ። የድሮዋ ቤሪል ዓሣ ሻጩ ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ሲጫን አይታ እጁን በጃንጥላ የመታች ሴት ናት። ቄሱ ስብከት ሲያረዝሙ ከፊት ወንበር ሆና ጮክ ብላ ሰዓት ትጠይቅ ነበር። ከእሷ ጋር ተጣልቼ፣ ታርቄ፣ ደግሞ ተጣልቼ ነው የኖርኩት። ይህቺን እሺ የምትለዋን ሴትዮ ግን አላውቃትም፤ እውነቱን ለመናገር አልወደድኳትም።

አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት እኔ መሐረቤን ስጨምቅ እሷ የጓንቷን ጣቶች አንድ በአንድ ታስተካክል ነበር። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» አለ። ጥንካሬ አልነበረም። አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ተቀምጠን ራሷ ነገረችኝ።

«ማቪስ፣ እግርሽ ደንዝዞብሽ ያውቃል? ስትቆሚበት የሌላ ሰው የሚመስልሽ?»

«ያውቃል እንጂ። በዚህ ዕድሜ የማይደነዝዝ ምን አለ?»

«እንደዚያ ነኝ። ሁለንተናዬ።»

ምላሷም አብሮ ደንዝዟል። የምትበላው ሁሉ አንድ ሆነባት። ኮምጣጤ ያጠጣሁትን የተጠበሰ ዓሣ አምጥቼላት ስትበላ «ጥሩ ዳቦ ነው» አለችኝ። ልቀልድባት ብዬ አፌን ከፈትኩና ፊቷን ሳየው መልሼ ዘጋሁት። የምትቀልድ አልነበረችም።

ልጅ ሳለች እዚህ ወደቡ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተሰልፋ ዓሣ እየቀደደች በርሜል ውስጥ በጨው ትደረድር ነበር። ጣቶቿ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ ነበር የምትሠራው፤ ቢላዋው ያቆሰለውን ጨው እንዳያቃጥለው። ዊልፍ ያኔ የአጎቱ ጀልባ ላይ ሸርጣን የሚያጠምድ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉን ለመክፈት የሚቸገር ጎረምሳ ነበር። እንዴት እንዳገባት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ እሷ ትመልስለት ነበር እንጂ እሱ የጠየቃት አይመስለኝም። ከተጋቡ በኋላ የገቡት እዚሁ ከእኔ አጠገብ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ዊልፍ በወጥ ቤቱ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ሰበር ያደርግ ነበር። ከምድጃው በላይ ያለው የጣሪያ ወራጅ ላይ አንድ ጥቁር የብረት መንጠቆ አለ። የእኔም ቤት አለ። የመንደሩ ሁሉ ቤት አለ።

መንጠቆው የስቅለት ዳቦ ማንጠልጠያ ነው። በስቅለት ዕለት ማለዳ እያንዳንዱ ቤት ትንንሽ ክብ ዳቦ ይጋግራል፤ ቀረፋ፣ ገውዝና ቅርንፉድ የገባበት፣ ዘቢብ የበዛበት፣ አናቱ ላይ በዱቄት የተሠራ መስቀል ያለበት። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ አይበላም። በሲባጎ ታስሮ እስከ ዓመቱ ስቅለት ድረስ መንጠቆው ላይ ይሰነብታል። በስቅለት ዕለት የተጋገረ ዳቦ ድንጋይ ይሆናል እንጂ አይሻግትም። በሌላ ቀን የተጋገረ ከሆነ ግን ሳምንት ሳይሞላው ጢም ያበቅላል። ዓመቱ ሲደርስ የድሮው ይወርዳል፤ በመጋዝ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹን የቤቱ ሰዎች ሻይ ውስጥ እየነከሩ ተካፍለው ይበሉታል፣ ግማሹ ለባሕሩ ይወረወራል። ከዚያ አዲሱ ይሰቀላል።

ቤቱን ከእሳት፣ ወንዱን ከባሕር ይጠብቃል ነው የሚባለው። ዊልፍ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ክፉ ባሕር ላይ ሲመላለስ አንድም ቀን አልነካውም። የገደለው ሳንባው ነው፣ ያውም በገዛ አልጋው ላይ። ቤሪል ዳቦውን አልወቀሰችም። «ስለ ሳንባ ቃል አልገባ» ነበር ያለችው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት የሚለቅ ሰው አዲስ ዳቦ አይሰቅልም። የተሰቀለ ዳቦ ያለበትን ቤት የሚሸጥ ደግሞ በእኛ መንደር የለም፤ ቢቸኩልም ባይቸኩልም ዓመቱ እስኪሞላ ይጠብቃል። ስለዚህ የማን ቤት ሊሸጥ እንደሆነ ለማወቅ ደላላው ሰሌዳ እስኪተክል አንጠብቅም። በፋሲካ ሰሞን በመስኮት በኩል አጮልቀን መንጠቆውን እናያለን።

ዘንድሮ ሁሉም ሰው የሚያጮልቀው በቤሪል መስኮት ነበር። ልጇ ጃኒስ ከባሕር ርቃ ሌስተር ነው የምትኖረው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷን ልትወስዳት ወስናለች፤ አንድ ክፍል አዘጋጅታ ግድግዳውን ቤሪል የምትወደውን ቢጫ ቀለም ቀብታዋለች። በስልክ ስታወራት እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ የጃኒስ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል።

«እማ፣ እኔ ስቅለት ዕለት እመጣለሁ። ማክሰኞ ደላላው ቤቱን ይየው?»

«እሺ።»

«እርግጠኛ ነሽ አይደል?»

«እሺ።»

ጃኒስ ይህን እንደ መልስ ወሰደችው። እኔ ደሜ ፈላ። ስልኩን እንደዘጋች ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እሺ ብያለሁ እኮ።»

«እሺ ማለትማ ብለሻል። ትፈልጊያለሽ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ማቪስ፣ እዚህም እዚያም ያው ነው» አለች። «ወንበር ወንበር ነው።»

ወጥቼ ቤቴ ገብቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት፤ እንድትሰማው ብዬ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ድሮ ቢሆን ከወዲያ በኩል በመጥረጊያ እንጨት ትመታልኝ ነበር። ጸጥ አለች። እውነቱን ለመናገር ከዊልፍ ቀብር ይልቅ ያ ጸጥታ ነው ሆዴን ያባባው።

ሐሙስ ጠዋት የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን ነው። የፋሲካው ጸሎተ ሐሙስም ቢሆን ይመጣል፤ ቆሻሻ በዓል የለውም። በርሜሌን እየጎተትኩ ወደ መንገዱ ሳወጣ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ቀረፋ ነው። ቀጥሎ ብርቱካን። ከቤሪል መስኮት ነው የሚወጣው።

የብርቱካኑ ነገር የእሷ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ዳቦውን ስኳር በውሃ አፍልተን እንቀባዋለን። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከስቅለት በፊት በነበረው ሳምንት፣ ማዕበል ተነስቶ አንድ የጭነት መርከብ ብርቱካኑን ባሕር ውስጥ ደፋው። ጠዋት ስንነሳ የባሕሩ ዳር ቢጫ ሆኗል። ሰው በባልዲ፣ በቀሚስ፣ በጋሪ ያፍስ ጀመር። ዊልፍ የሹራቡን እጅጌዎች ጫፋቸውን ቋጥሮ ሞልቷቸው መጣ። ቤሪል ጨምቃ በስኳር አፈላችውና ዳቦዋን ቀባችበት። ብርቱካኑ በባሕር ውሃ ሲንሳፈፍ ያደረ ነውና ጨው ጨው አለ። እኔ ቀመስኩና ፊቴን አጨማደድኩ። ዊልፍ ግን አራቱን በላ፤ «እንዲህ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም» አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ከዚያ ወዲህ ቤሪል ከሱቅ ብርቱካን እየገዛች በየዓመቱ ትቀባዋለች፤ ጨው አይልም እንጂ ይጥማል።

በርሜሌን መንገድ ላይ ትቼ ገባሁ። ገበታው ሙሉ ዳቦ ነው፤ ሁሉም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ቤሪል ሽርጧን እንደታጠቀች፣ የዊልፍን የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ተጫምታ ብሩሿን ታጥባለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አልኩ።

«ስቅለት ነው እኮ» አለችኝ፣ እኔ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ ሁሉ። «ብርቱካኑን ቅመሺልኝ። እኔ አይሰማኝም።»

ቀና ብዬ አየሁ። መንጠቆው ባዶ ነው፣ ከሥሩ ምድጃው ላይ የሲባጎ ቁራጭ ወድቋል። ለቤሪል ቀኑን የነገራት ከውጭ የመጣው ጩኸት ነው፤ የቆሻሻ መኪናው የኋልዮሽ እየሄደ ጢ ጢ ጢ ይላል። ቤሪል ብሩሿን እንደያዘች አዳመጠች። እስኪያልፍ ድረስ አዳመጠችው።

«ሐሙስ ነው» አለች።

«ጸሎተ ሐሙስ ነው የኔ እመቤት። ምንም አይደለም፣ ዳቦው ይበላል፣ ነገ ደግሞ...» አልኩና አቋረጥኩ። ምክንያቱም ዳቦውን አልነበረም የምታየው። መንጠቆውን ነበር። «የዊልፍ ዳቦስ?» አልኳት።

«ወረወርኩት። ከግንቡ ላይ። አሁን ቅድም።»

«ግማሹን?»

«ሙሉውን። ግማሹን ከማን ጋር ልበላው?»

ያንን ዳቦ ባለፈው ስቅለት የሰቀለው ዊልፍ ነው። መንጠቆው ከምድጃው በላይ ስለሆነ ቤሪል አትደርስበትም፤ የሚሰቅለው ሁልጊዜ እሱ ነበር፣ ዱካ ላይ ሳይወጣ፣ እጁን ዘርግቶ ብቻ። ቤሪል የወጥ ቤቱን ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አንድ ቀን ቀርቶት ነበር» አለች። ድምፅዋ እንደ ዘወትሩ ነው፣ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ነው የሚመስለው። «እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ አሳጠርኩበት።»

ጃኒስ ትዝ አለችኝ፤ ይህን ብትሰማ ደላላውን ዛሬውኑ ትጠራዋለች። ያም ሆኖ አፌ የተናገረው ሌላ ነው።

«ተነሺ» አልኳት።

«እሺ።»

«ወደ ግንቡ ነው የምንሄደው።»

«እሺ።»

የባሕሩ ግንብ ከቤታችን እታች ነው፣ ደረጃ አለው። ባሕሩ ሸሽቶ ድንጋዮቹ ተገልጠው ነበር፣ በየመካከላቸው የቀረ ውሃ ይታያል። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ግንቡን ተደግፌ እየተራገምኩ ወረድኩ። ዳቦውን መፈለግ አላስፈለገንም። አንዲት ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ በአፏ ይዛዋለች። ከነሲባጎው ነው የያዘችው፤ ወደ ላይ ይዛው ትወጣና ትለቀዋለች። ቀንድ አውጣ ሲሰብሩ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ዳቦው ድንጋዩ ላይ ጠብ ይልና ይነጥራል። አይሰበርም። ወፏ ወርዳ ትፈትሸዋለች፣ ጎኑን ትወጋዋለች፣ ተናዳ እንደገና ይዛው ትወጣለች።

«ዓመት ሙሉ ከምድጃ በላይ የከረመ ዳቦ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርልሽም» አልኳት ወፏን። እንግዲህ የዊልፍ ነገር እንዲህ ሆኖ ቀረ ብዬ አዘንኩ። «ተይው በቃ ቤሪል። ለባሕር ነው የተሰጠው። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ፣ ነይ ቤት እንግባ።»

«እምቢ» አለች።

የሰማሁት አልመሰለኝም። ዞሬ ሳያት ወደ ድንጋዮቹ ወርዳለች። በዊልፍ ነጠላ ጫማ፣ በዱቄት እጇ፣ ሽርጧ በነፋሱ እየተገለበጠ፣ አንዱን ድንጋይ እየያዘች ሌላውን እየለቀቀች ትሄዳለች። «አንቺ ቀልብ የለሽ!» እያልኩ ጮህኩ። ወፏ ዳቦውን ውሃ የያዘ ጉድጓድ ውስጥ ጥላው ልታወጣው ስትል ቤሪል አንዱን ጫማ አውልቃ ወረወረችባት። አልመታቻትም፤ ድሮም መወርወር አትችልም። ወፏ ግን እንዲህ ያለ ነገር ጠብቃ አታውቅም መሰለኝ፣ እየጮኸች ተነሳች። ቤሪል እጇን እስከ ክንዷ ውሃው ውስጥ ነክራ ዳቦውን አወጣችው። ጫማውን ባሕሩ ወሰደው።

ወደ እኔ ስትመለስ ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ይሁን ሳል እርግጠኛ አይደለሁም።

ቤት ገብተን ዱካውን እኔ ያዝኩላት፣ እሷ ወጣች፤ በመጥረጊያው እንጨት እየገፋች ሲባጎውን እንደ ምንም መንጠቆው ላይ መለሰችው። ዳቦው ውሃውን ምድጃው ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ብረቱ ጭስስ ይላል። ሁለታችንም ቆመን አየነው።

«አሁን ምን ይሰማሻል?» አልኳት። ተስፋ አድርጌ ነው።

«እግሬ በርዶኛል።»

«እሱም ስሜት ነው እኮ።»

«አይደለም» አለች። «እግር ነው።»

ፊቷ ተመልሶ ተዘጋ። ሻይ ላፍላልሽ ስላት እሺ አለች። የሐሙሱን ዳቦ ለመንደሩ ስናድል ሰው ሁሉ ቀኑን ቆጥሮ እርስ በእርሱ ተያየ፤ ግን በላው፣ አንድም ሳይተርፍ። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ «መለማመጃ ነው» አልኩ። ማንም አላመነኝም።

ስቅለት ዕለት ማለዳ የእኔን ዱቄትና የእኔን ብርቱካኖች ይዤ ሄድኩ። የእሷ አልቆ ነበር። ነግቶ ሳይጨርስ ሊጡን ማሸት ጀምራለች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ትገፋዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ታዞረዋለች፣ ፊቷ ግን እዚያ የለም። ዘቢቡን በተነች፣ የብርቱካኑን ልጣጭ ፈገፈገች፣ መስቀሉን በዱቄት ሠራች። ሊጡ እስኪነሳ ስንጠብቅ ሁለት ጊዜ «አርብ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አርብ ነው አልኳት።

ዳቦው ምድጃ ውስጥ ገብቶ ብርቱካኑ ከስኳሩ ጋር ሲፈላ የጃኒስ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ከጠበቅናት ቀድማ ነው የደረሰችው። ቁመቷ የአባቷ ነው፤ እሷም ስትገባ አንገቷን ሰበር አደረገች። እናቷን አቀፈቻት፣ ቤሪል ክንዷን ወደ ታች እንዳወረደች ቆመችላት።

«ከስተሻል እማ። አክስቴ፣ ትበላለች ወይ?» አለችኝ።

«የሰጠኋትን ሁሉ» አልኩ። ውሸት አይደለም።

ጃኒስ ካፖርቷን አውልቃ ቀና አለች። ጥያቄው እንደሚመጣ አውቄ ነበር፣ ውሸትም አዘጋጅቼለታለሁ።

«ይሄ የአባባ ዳቦ ነው? ለምንድን ነው የረጠበው? ጎኑንስ ምን በላው?»

«ጣሪያው...» ስል ቤሪል ቀደመችኝ።

«ቀኑ ጠፍቶብኝ ትናንት ወረወርኩት። ወፍ ወሰደችው። አስጣልኳት።»

«የት ሆነሽ?»

«ድንጋዮቹ ላይ።»

ጃኒስ ካፖርቷን እንደገና ለበሰችው፤ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም መሰለኝ። ከዚያ እናቷ ፊት ዝቅ ብላ እጇን ያዘች።

«እማ፣ ለዚህ እኮ ነው ብቻሽን መሆን የለብሽም የምልሽ። ድንጋዮቹ ላይ! ብትወድቂስ? ማክሰኞ ደላላው አይቶ ይጨርሰው፣ ከእኔ ጋር እንሂድ። እሺ?»

«እሺ» አለች ቤሪል።

እኔ ድስቱን ማማሰል ያዝኩ፤ የሚፈላው ብርቱካን ይሁን እኔ አልለየሁም። አንድ ነገር ብናገር ነገሩ እንደሚበላሽ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ያልጠሩኝ ጉዳይ ውስጥ መግባት እወዳለሁ፣ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ያዝኩ።

የድሮው ዳቦ መውረድ ነበረበት። ጃኒስ ዱካ ላይ ሳትወጣ እጇን ሰድዳ አወረደችው። ቤሪል የዊልፍን ትንሽ መጋዝ ከመሳቢያ አውጥታ ከፈለችው፤ ውሃ ስለጠጣ እንደ ወትሮው አልጠነከረባትም። «ወፏ የወጋችው ጎን ለባሕር» አለችና ያንን ለብቻው አስቀመጠች። የቀረውን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ከፈለችው። አንዱን ለጃኒስ ዘረጋችላት።

«እኔ?» አለች ጃኒስ።

«ለሁለት ነው የሚበላው።»

ጃኒስ ወደ እኔ ዞረች፤ ራሴን ነቀነቅኩላት። ሻይ ቀዳሁ። እናትና ልጅ ገበታው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያንን ጥቁር፣ የደረቀ፣ የረጠበ ነገር ሻይ ውስጥ ነክረው ጎረሱ። ጃኒስ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታኝከው። ቤሪል አኘከች። አኘከችና አቆመች። አፏን እንደዘጋች ምላሷን ስታንቀሳቅስ አያታለሁ፤ የጠፋ ዕቃ በጨለማ የምትዳብስ ትመስላለች።

«ጨው ጨው ይላል» አለች።

ጃኒስ ዓይኗን ገለጠች።

«ጨው አለው፣ ማቪስ። ብርቱካኑም አለ። ከታች ነው ያለው፣ ግን አለ።» እንደገና ነከረች፣ እንደገና ጎረሰች። «የመጀመሪያው ዓመት ዳቦ እንዲህ ነበር።»

ጃኒስ የብርቱካኑን ታሪክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገች ናት፤ እጅጌው የተቋጠረውን ሹራብ ሁላ ታውቀዋለች። ጉርሻዋ አፏ ውስጥ እንዳለ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም አልቀረሁም። ቤሪል አላለቀሰችም። የእሷን ጨረሰችና የጃኒስን ሳሕን አየች።

«ካልበላሽው ስጪኝ» አለች።

ዳቦው ከምድጃ ወጣ። ጃኒስ ፊቷን ታጥባ ብሩሹን ተቀበለችኝና እናቷ እየተቆጣጠረቻት ትቀባው ጀመር። ቤሪል ከድስቱ በጣቷ ቀመሰች፣ «ስኳር በዛው» አለች። ትክክል ነበረች፤ እኔ ነኝ ያበዛሁት። ጃኒስ ደስ ብሏት እያወራች ነው፤ ስለ ቢጫው ክፍል፣ ስለ መጋረጃው፣ ከመስኮቱ ስለሚታየው ዛፍ። ዳቦዎቹን ለጎረቤት የሚታደሉትንና ይዘው የሚሄዱትን እየለየች ነበር።

«ዘንድሮ የሚሰቀል ስለሌለ ሁሉንም ማደል እንችላለን» አለች።

ቤሪል መሳቢያውን ከፍታ አዲስ ሲባጎ አወጣች። ከዳቦዎቹ መካከል መስቀሉ ያልተሰነጠቀውን መረጠች፣ አሰረችው፣ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው። ከዚያ ለጃኒስ ዘረጋችላት። ብርቱካኑ ገና ስላልደረቀ በጣቶቿ መካከል ይወርዳል።

«ስቀይው» አለች። «አንቺ ረጅም ነሽ።»

«እማ፣ ተነጋግረናል እኮ። ከተሰቀለ...»

«ዓመት ነው። አውቃለሁ።»

«እሺ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።» እጇን አላጠፈችም። «አሁን ስቀይው።»

«ቀኑ ቢጠፋብሽስ? ብቻሽን ሆነሽ ቀኑ ቢጠፋብሽስ፣ እማ?»

«ማቪስ ቆሻሻ ታወጣለች» አለች ቤሪል። «መኪናው ሲጮህ ሐሙስ ነው። ከዚያ እቆጥራለሁ።»

ጃኒስ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምንም አልረዳኋትም፤ ድስቱን አጠብኩ። መንጠቆውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከሲባጎው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ብርቱካን አየች።

«እሺ» አለች፣ እጇንም ወደ ላይ ዘረጋች።